መርከብም ደላላ አለው? የለንደኑ ክላርክሰን ከ1852 እስከ ዛሬ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔ አዳማ አንድ ትራንዚት ቢሮ ነው የምሰራው። በቀደም የማዳበሪያ ጭነት ወረቀት ሳገላብጥ የመርከቡ ኪራይ ውል ላይ «ብሮከር 1.25 ፐርሰንት» የሚል አየሁ። ይሄ ደግሞ ምንድነው ብዬ አለቃዬን ስጠይቀው «ደላላ ነዋ፣ ለንደን እነ ክላርክሰን የሚባሉ ከድሮ ጀምሮ በዚሁ ነው የከበሩት» አለኝ። እውነት መርከብም ደላላ አለው? ክላርክሰንስ ማነው፣ የራሱ መርከብ ከሌለው ምን እየሸጠ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የኖረው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ልጄ ጥያቄሽ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ደላላ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቤት ፈላጊውንም አከራዩንም የሚበላው ሰውዬ ስለሆነ የመርከቡንም ደላላ ያው ነው ብሎ የሚያልፍ ብዙ ነው። አይደለም።

እናንተ ትራንዚተሮች ዕቃው ወደብ ከገባ በኋላ ያለውን የጉምሩክ ጣጣ ነው የምትጨርሱት፣ እሱን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የመርከብ ደላላ ግን ስራውን የሚጀምረው ዕቃው ገና ሳይጫን ነው። አንዱ ጋ 50 ሺህ ቶን ስንዴ አለ መርከብ የለም፣ ሌላው ጋ ባዶ መርከብ አለ ጭነት የለም፣ ሁለቱ ደግሞ አይተዋወቁም። ደላላው መሀል ገብቶ ኪራዩ በቶን ስንት እንደሚሆን፣ መርከቡ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ለመጫን መቅረብ እንዳለበት፣ በቀን ስንት ቶን እንደሚራገፍ፣ ከዛ ካለፈ ዲመሬጁ (መርከቡ ከተስማሙበት ጊዜ በላይ ሲቆም ለባለቤቱ የሚከፈለው ቅጣት) በቀን ስንት እንደሆነ አንድ በአንድ ያስማማል። ሂሳቡን ለማየት ኪራዩ በቶን 40 ዶላር ነው እንበል፣ ጠቅላላው 2 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል፣ ያየሽው 1.25 ፐርሰንት ከዛ ላይ 25 ሺህ ዶላር ነው ማለት ነው፣ እሱም በተለምዶ የሚከፈለው ከመርከቡ ባለቤት ኪራይ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ደሞ በተከራዩም በባለቤቱም በኩል ደላላ ስላለ ሁለቱም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ወደ ክላርክሰን ስንመጣ፣ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1852 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለንደን ላይ ያቋቋሙት ሆራስ ክላርክሰን እና ሊዮን ቤንሃም የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ዘመኑን ለመገመት ያህል እኛ ጋ ካሳ ኃይሉ ገና አፄ ቴዎድሮስ አልተባሉም፣ የስዊዝ ካናልም የተከፈተው ከዛ 17 ዓመት ቆይቶ ነው። የባህሩ ጭነት በአብዛኛው በሸራ መርከብ ነበር የሚሄደው፣ አትላንቲክን አቋርጦ አሜሪካ የሚደርስ ቴሌግራፍም ገና አልተዘረጋም። ስለዚህ የትኛው መርከብ የት ወደብ ላይ ባዶውን እንደቆመ የሚያውቅ ሰው በእጁ ትልቅ ሀብት ይዟል ማለት ነው፣ ደላላው ያኔም ዛሬም የሚሸጠው ይሄንን ነው፣ ወሬ እና ቃል!

ቃል ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የለንደን የመርከብ ገበያ ባልቲክ ኤክስቼንጅ ይባላል፣ ታሪኩ በ1744 ከነበረ አንድ ቡና ቤት ነው የሚነሳው (ነጋዴና ካፒቴን ቡናውን እየጠጣ እዛው ጭነት ይዋዋል ነበር)። በ1903 ሴንት ሜሪ አክስ የሚባል መንገድ ላይ እብነበረድ አዳራሽ ሰራ፣ ደላሎቹ አዳራሹ ውስጥ ቆመው ፊት ለፊት ነበር የሚደራደሩት፣ አንዱ ሲፈለግ የደንብ ልብስ የለበሰ አስተናጋጅ ከፍ ካለ ቦታ ስሙን ይጣራል። መፈክራቸው ቃላችን ውላችን ነው የሚል ነው፣ ወረቀቱ በኋላ ይመጣል እንጂ ዋጋው ላይ እሺ ያለ ሰው ገበያው ቢወርድም ቢወጣም ወደኋላ አይልም። የኛ አባቶች «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ የለ፣ እዛ ደግሞ መተዳደሪያ ደንብ ሆነ። ህንጻውን በሚያዝያ 1992 የአይአርኤ (የአየርላንድ ታጣቂ ቡድን) ቦምብ ክፉኛ ጎዳው፣ ሶስት ሰው ሞተ፣ በኋላም ህንጻው ፈረሰና ዛሬ ቦታው ላይ ያለው ጌርኪን የሚባለው ሾጠጥ ያለ የመስታወት ፎቅ ነው። ገበያው ራሱ በ2016 በሲንጋፖር ኤክስቼንጅ ተገዛ።

ክላርክሰን ሁሌ ቀንቶት አያውቅም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ስሙ በእንግሊዝ ሰፈር ለሰፈር የታወቀው በመርከብ ሳይሆን በርካሽ የስፔን ሽርሽር ነበር፣ ክላርክሰንስ የሚባል አስጎብኚ ድርጅት እዛው ቤተሰብ ውስጥ ተፈጥሮ ህዝቡን በቻርተር አውሮፕላን ያመላልስ ነበር፣ ዋጋው ከመርከሱ የተነሳ ኪሳራ ውስጥ ገባና በ1973 ኮርት ላይን የሚባል ሌላ ድርጅት ወሰደው፣ በነሐሴ 1974 ኮርት ላይን ራሱ ሲወድቅ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሽርሽረኛ ሰው ሀገር ቀረ። እኔ ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ የድለላው ቤት ተርፎ መቀጠሉ ነው። በ1986 ለንደን አክሲዮን ገበያ ገባ፣ በ2015 ደግሞ ፕላቱ የሚባለውን የኖርዌይ ደላላ በ281 ሚሊዮን ፓውንድ ጠቀለለና አሁን በዓለም ትልቁ የመርከብ ደላላ እሱ ነው።

እንዴት ኖረ ላልሽው በኔ እምነት ዋናው ምክንያት አንቺ እንደ ጉድለት ያየሽው ነገር ነው፣ መርከብ የለውም። በግንቦት 2008 የደረቅ ጭነት ኪራይን የሚለካው የባልቲክ ኢንዴክስ 11,793 ነጥብ ደርሶ በዛው ዓመት ታህሳስ 663 ወረደ፣ በብድር መርከብ የገዛው ሁሉ መርከቡ ቆሞ የባንክ ወለድ ይቆጥር ነበር፣ ደላላው ግን ኮሚሽኑ ቢቀንስም የመርከብ ብድር የለበትም፣ እንደውም ሰው መርከቡን ሲሸጥ ሻጭና ገዢ አገናኝቶ ከሱም ያገኛል። ሌላው መዝገቡ ነው፣ የትኛው መርከብ መቼ ተሰራ፣ በስንት ተሸጠ፣ በስንት ተከራየ የሚለውን ሲሰበስብ ኖሮ ዛሬ መረጃውን ራሱ ለባንክና ለመርከብ ሰሪ የሚሸጥ ክፍል አለው።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምርልሽ። ወጣት ሆኜ አሰብ ወደብ ጭነት ቆጣሪ ነበርኩ፣ ክሬን የቆመበትን ሰዓት ሁሉ በደቂቃ እንጽፍና ከመርከቡ መኮንን ጋ እንፈራረማለን፣ ያኔ ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፣ ያቺ ወረቀት ለንደን ወይ ሌላ ቦታ ያለ ደላላ ጠረጴዛ ላይ ትደርሳለች፣ የዲመሬጁ ሂሳብ የሚሰራው በሷ ነው። አንቺም ያንን ውል ደግመሽ አውጪውና በቀን የሚራገፈው ቶን የተጻፈበትን አንቀጽ ፈልጊ፣ ጎኑ ላይ አርብና በዓላት ይቆጠራሉ ወይ አይቆጠሩም የሚል አለ፣ መርከቡ ጅቡቲ ቆሞ ከነበረ መጀመሪያ የሚያጣላው እሱ ነው።