ስለ ትምህርት ቤት ሳንሱር ጠይቃችሁኝ ነበር፤ መልሶቹ እነሆ

ሰላም ለሁላችሁ። ለማታውቁኝ፣ 14 ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬአለሁ። ከዚያ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ ነበርኩ። አሁን ማስተማር ትቻለሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ ገባ ብሎ።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ለጠዋት ሰልፍ የጻፈችውን ግጥም እንዳታነብ ተከለከለች። 10ኛ ክፍል ናት። ግጥሙ ስለ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ነው። ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፣ የወር አበባ የመጣባቸው ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ፣ እሷም ይህንኑ ነው የጻፈችው። የተሰጣት ምክንያት "የትምህርት ቤቱን ስም ያጠፋል" የሚል ነው። የብሎካችን ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋትና ደሜ ፈላ። የዚያኑ ማታ ነው "ስለዚህ ጉዳይ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" ያልኳችሁ። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እኛ ጋ ሚኒ ሚዲያ ላይ የሚነበብ ሁሉ መጀመሪያ ምክትል ዳይሬክተሩ ጋ ይገባል። አንዳንዱ ተሰርዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም። ይሄ እርማት ነው ሳንሱር? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ምክንያቱን ጠይቅ፣ ያኔ ይለይልሃል። "ውሃ የጠፋው ሁለት ሳምንት ነው፣ አንተ ወር ብለሃል" ካሉህ እርማት ነው፤ አመስግነህ አስተካክል። "የልጅቷን ስም አታንሳ፣ ትጎዳለች" ካሉህም ልክ ናቸው። "ይሄን ነገር ለምን ትነካካላችሁ?" ካሉህ ግን ሳንሱር ነው። ወረቀቱ ያለ ምንም መልስ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም የምትከራከርበት ነገር እንኳ አልሰጡህም።

ሕጉን ልንገርህ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን የሚሰጠው "ለማንኛውም ሰው" ነው። 18 ዓመት ለሞላው አይልም። ይኸው አንቀጽ ስለ ፕሬስ ሲያነሳ የቅድሚያ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ይላል። "ሚኒ ሚዲያ ፕሬስ አይደለም" ብሎ የሚከራከር ይኖራል፣ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። ሞንታርቦው የትምህርት ቤቱ ነው፣ ሰዓቱም የትምህርት ቤቱ ነው፣ የሚሰማው ልጅ ደግሞ ሰልፍ ላይ ስለቆመ አልሰማም ብሎ መሄድ አይችልም። ስለዚህ አስተማሪ ቀድሞ ማየቱን በራሱ ጥፋት ነው አልልም። እኔም አይ ነበር።

ግን ያው ሕገ መንግሥት ገደብ የሚጣለው በሕግ ነው ይላል። ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች መካከል የወጣቶች ደኅንነት፣ የሰው ክብርና መልካም ስም አሉ። የሰው ነው የሚለው። "የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ የለውም" የሚል ግጥም የማንን ሰው ክብር ይነካል? የወጣቶችን ደኅንነት ካነሳን ደግሞ ግጥሙ የተጻፈው ለእሱው ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም ቆርጬ አውቃለሁ። አንድ ተማሪዬ አስተማሪዎች ክፍል እየቀሩ እንደሆነ ጽፎ መጣ። እውነት ነበር። ቁጥሩን ሳይቀር ቆጥሮ ይዞ ነበር፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ያለ አስተማሪ እንደዋሉ። የሥራ ባልደረቦቼን ፈራሁና "ለሌላ ጊዜ እናቆየው" አልኩት። አልተቆጣም፣ አልተከራከረኝም። ብቻ ከዚያ በኋላ ክበቡ አልመጣም። ጎበዝ ጸሐፊ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ስለ አንድ አስተማሪ ቴሌግራም ላይ ለጓደኞቿ ጽፋ "ወላጅ አምጪ" ተባለች። ስልኳን ቀምተው ከፍተው አንብበው ነው ያወቁት። ምን ልበላቸው? (እናት፣ ከኮዬ ፈቼ)

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ይሂዱ፣ አይቅሩ። ተረጋግተው ይሂዱ። ሁለቱን ነገር ለየብቻ ያንሱት።

አንደኛው ስልኩ ነው። ትምህርት ቤቱ ስልክ ይዞ መግባትን በደንቡ ከከለከለ መቀማት ይችላል፣ ለእርስዎም ይመልሳል። ከፍቶ መልእክት ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው ማስታወሻና የሚጻጻፈው ነገር አይደፈርም ይላል፤ የልጆች መብት ስምምነትም አንቀጽ 16 ላይ ስለ ልጅ ያንኑ ይላል፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። "በየትኛው ደንብ ከፈታችሁት?" ብለው በትሕትና ይጠይቁ።

ሁለተኛው የጻፈችው ነገር ነው። ስድብ ከሆነ ልጅዎ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ይህን እርስዎም ቤት ውስጥ ያስረዷት። ነገር ግን "ሲያስተምር አይገባኝም"፣ "ይመታናል" የሚል ከሆነ አቤቱታ ነው። መምታትን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ስሙን ጠርቶ ከልክሎታል፤ በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላት። ያኔ ጥያቄው ወደ እነሱ ይዞራል። እባክዎ ልጅቷን ፊታቸው አይቆጧት። አፏን የምትዘጋው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ተማሪ የፈለገውን ይናገራል ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ማሪ ቤት ቲንከር የምትባል የ13 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1965 የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስራ ትምህርት ቤት ሄደች። እሷንና ሌሎች ተማሪዎችን ለጊዜው ከትምህርት አገዷቸው። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1969 ተማሪዎቹ 7 ለ 2 አሸነፉ፤ ትምህርቱን በእውነት እስካልረበሸ ድረስ ተማሪ ሐሳቡን ይገልጻል ተባለ። በ1988 ግን ያው ፍርድ ቤት ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ሚዙሪ ውስጥ አንድ ርዕሰ መምህር ስለ ልጃገረዶች እርግዝናና ስለ ፍቺ የተጻፈባቸውን ሁለት ገጾች ከተማሪዎች ጋዜጣ አውጥቶ ነበር። ጋዜጣው የትምህርቱ አካል ስለሆነ ይችላል ተባለ። በ2021 ደግሞ አንዲት ተማሪ በሰንበት ቀን፣ ከትምህርት ቤት ውጭ ሆና፣ ስናፕቻት ላይ በለጠፈችው ነገር መቀጣቷ ልክ አይደለም ተብሎ 8 ለ 1 ተወሰነላት።

እኔ ከዚህ የምወስደው እዚያ ክርክሩ በጽሑፍ መኖሩን ነው። ርዕሰ መምህሩ ያሸነፈበት ውሳኔ እንኳ ምክንያቱ ተዘርዝሮ ተጽፏል፣ ማንም አንብቦ ይቃወመዋል። እኛ ጋ "አይሆንም" የሚለው ቃል ኮሪደር ላይ ተነግሮ እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ አንተ ወጥተሃል፣ መናገር ይቀልሃል። ልጆቹ የብሔር ወይ የፖለቲካ ነገር ቢያነቡ ሱፐርቫይዘር መጥቶ የሚጠይቀው እኔን ነው። የሚራቡትም የእኔ ልጆች ናቸው። (መምህር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ፍርሃቱ ከላይ ነው የሚወርደው። ወረዳው ዳይሬክተሩን፣ ዳይሬክተሩ አንተን፣ አንተ ልጁን። የመጨረሻው ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ማንንም ማስፈራራት አይችልም፣ ዝም ይላል። በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ባንዲራና መዝሙር ምክንያት አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ተማሪ ተጎዳ፣ ተማሪ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት "ምንም አይነበብ" ወደሚለው ሄደ። ልጆቹ ግን ዝም አላሉም፣ ቴሌግራም ገቡ። እዚያ ደግሞ አንተ የለህም። "ይሄን ከየት አመጣኸው?" የሚላቸው የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አንብበው፣ ይጠቅምሃል። በሰው ወይም በቡድን ላይ በማንነቱ ምክንያት ጥላቻ፣ መድልዎ ወይም ጥቃት የሚያነሳሳ ንግግርን ይከለክላል። ግን ንግግሩ የትምህርታዊ ጥናት፣ የዜና፣ የፖለቲካ ትችት ወይም የኪነ ጥበብ ሥራ አካል ከሆነ የተለየ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ግጥም ሁሉ አደጋ አይደለም።

የማደርገው ምን ነበር ብትለኝ፣ አንድ ገጽ መመሪያ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ እጽፍ ነበር። የማይነበበው ምን እንደሆነ በግልጽ፦ በማንነት ላይ የሚሰነዘር ስድብ፣ የሰው የግል ሚስጥር፣ ያልተጣራ ወሬ። ከዚህ ውጭ ያለው ይነበባል። የተከለከለ ነገር ካለ ምክንያቱ ሁለት መስመርም ቢሆን ይጻፋል፣ ልጁ ካልተስማማ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ያየዋል። ይህን ወረቀት ዳይሬክተሩ ከፈረመበት ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የምታሳየው ነገር አለህ፣ ብቻህን አትቆምም። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት እንዲህ ነው የሠራነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ክርክር የተነሳው፣ ሁለቱም ጊዜ ተነጋግረን ጨረስነው።

ጥያቄ፦ የፀጉር አቆራረጥስ? ፀጉሬ ሐሳቤ ነው ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም ባይ ነኝ። ያቺ አሜሪካዊት ልጅ ክንዷ ላይ ያሰረችው ጨርቅ መልእክት ነበረው፣ ያየው ሁሉ ገብቶታል። መቀስ ይዞ ሰልፍ ላይ የልጅ ፀጉር መቁረጥ ግን ማዋረድ ነው። ስለ እሱ ከሆነ ጥያቄህ አብሬህ እቆማለሁ።

ጥያቄ፦ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ኢንተርኔት ይዘጋ የነበረውስ?

መልስ፦ በ2008 ዓ.ም. ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ተሰረዘ። በዓመቱ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ስልክም ሳይዝ እንዲፈተን ተደረገ። ይሄኛው ቢያንስ ፈተናውን የሚጠብቀው ፈተናው ያለበት ቦታ ላይ ነው። ወረቀት ለመጠበቅ አገር ሙሉ ዝም ማሰኘት ልክ አልነበረም።

ጥያቄ፦ የተማሪዎች ፓርላማ ምን ይጠቅማል? እኛ ጋ ለስም ነው። (የ9ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ለስም የሚሆነው አጀንዳውን ሌላ ሰው ሲይዝላችሁ ነው። አጀንዳ እናንተ ጻፉ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ አስፈርሙ። ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ነገር በቀላሉ አይጠፋም። ደግሞ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የምስለ ፍርድ ቤት ውድድር አለ፤ አስተማሪያችሁን ጠይቁና ተመዝገቡ። ቆሞ መከራከር እዚያ ይለመዳል።

ጥያቄ፦ ያቺ ግጥሟ የተከለከለ ልጅስ? ምን ልታደርግ ነው? (ይህን የጠየቃችሁኝ ከሁሉም ትበዛላችሁ።)

መልስ፦ ትናንት ማታ እናቷ ቤት ቡና ጠጥተን ተነጋገርን። እናቷ መጀመሪያ "ልጄ ነጥቧ ይቀንስባታል፣ ይቅር" አለች። አልፈርድባትም፣ ብቻዋን ነው የምታሳድጋት። ልጅቷ ግን "እማ፣ ውሃው እኮ አሁንም የለም" አለቻት። ከዚያ በኋላ እናቷም አልተከራከረችም።

አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። ግጥሙ ለምን እንዳይነበብ እንደተደረገ በጽሑፍ ይገለጽልን ይላል፣ ግጥሙም ተያይዟል። መጀመሪያ ለክበቡ ተጠሪ፣ ከዚያ ለዳይሬክተሩ፣ በሳምንት ውስጥ መልስ ከሌለ ለወተመህ፣ ከዚያም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። እያንዳንዱ ሲገባ ኮፒው ላይ ማኅተምና ቀን ይደረግበታል። ሰው አንሰድብም፣ የማንንም ስም አንጠራም።

ሌሎች አምስት ልጆችም እንፈርማለን ብለዋል፣ ሁለቱ ወንዶች ናቸው። ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በፊት እናቷ ይዛው ትገባለች። የሚሰጣትን መልስ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።