የትራክ ጂፒኤስ፦ ቁመቱን ካልነገሩት አያውቅም

ጥያቄ፦ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው። ከዴንቨር ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ባለ 53 ጫማ ተሳቢ ልጎትት ነው። ጓደኞቼ “ስልክህ ላይ ጎግል ማፕ እያለ ለምን ገንዘብ ታባክናለህ?” ይሉኛል። የትራክ ጂፒኤስ የግድ ነው? ከገዛሁስ ምን አይቼ ልግዛ?
(ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ይግዙ። ጎግል ማፕ የቤት መኪና እንደያዙ ቆጥሮ ነው የሚመራዎት፤ ቁመትና ክብደት የሚያስገቡበት ቦታ የለውም። የእርስዎ ተሳቢ ግን ቁመቱ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ያህል ነው፤ ትራኩ ከነጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ ይደርሳል። በሚሄዱበት በምሥራቅ ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ፓርክዌይ የሚባሉት አብዛኞቹ መንገዶች ለትራክ የተከለከሉ ናቸው። ሲራኪዩዝ አጠገብ ኦኖንዳጋ ሌክ ፓርክዌይ ላይ ያለው የባቡር ድልድይ ከፍታው 10 ጫማ ከ9 ኢንች ብቻ ነው። የቦስተኑ ስቶሮው ድራይቭም በየጊዜው የተሳቢ ጣሪያ ይልጣል።

ለትራክ ተብለው ከሚሠሩት መካከል በብዛት የሚታዩት የጋርሚን ዴዝልና የራንድ ማክናሊ ናቸው። ከስሙ በፊት ግን መሣሪያው ቁመት፣ ርዝመት፣ ጠቅላላ ክብደት፣ የአክስል (በእያንዳንዱ የጎማ ዘንግ ላይ የሚያርፍ) ክብደትና የሀዝማት (የአደገኛ ጭነት) ዓይነት እንደሚቀበል ያረጋግጡ። ያገለገለ ሲገዙ ይጠንቀቁ፤ የቤት መኪናው ሞዴል በመልክ ከትራኩ ጋር ስለሚመሳሰል አንዱ በሌላው ስም ይሸጣል። “የዕድሜ ልክ ካርታ” የሚለውም አምራቹ ያንን ሞዴል መደገፍ እስካላቆመ ድረስ ነው። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ኮምፒውተር ላይ ሰክተው አዲስ ካርታ ይሰጥ እንደሆነ ይዩ።

ስክሪኑ 7 ኢንች ቢሆን ለብዙው ሾፌር ይበቃል። ባለ 10 ኢንቹ ያምራል፣ ግን መስታወት ላይ ሲለጠፍ መንገድ ይጋርዳል። የፌዴራሉ ደንብ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጂፒኤስ የዝናብ መጥረጊያው ከሚደርስበት ታችኛ ጠርዝ ከ7 ኢንች በላይ እንዳይወጣ፣ ከላይኛው ጠርዝ ደግሞ ከ8.5 ኢንች በታች እንዳይወርድ፣ ዕይታንም እንዳይከልል ያዛል። ትልቁን የሚፈልግ ሰው ዳሽቦርድ ላይ ቢያቆመው ይሻላል። ገመዱንም ከሣጥኑ የወጣውን ይጠቀሙ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች የትራፊክ መረጃ መቀበያው ያለው ገመዱ ውስጥ ነው። ቀጭን የስልክ ገመድ ከሰኩማ ትራፊኩም የለም፣ ባትሪውም መንገድ ላይ ያልቃል።

ችግር በብዛት የሚመጣው ከመሣሪያው ሳይሆን ካልተሞላ ፕሮፋይል (የመኪናው ልክ ከሚሞላበት ገጽ) ነው። የተሳቢውን ቁመት ባዶውን ሳለ ይለኩ፤ ጭነት ሲወርድለት ከፍ ይላልና። ካገኙት ላይ ሁለት ኢንች ጨምረው ያስገቡ፤ አስፋልት በተደራረበ ቁጥር ከድልድዩ ሥር ያለው ክፍተት ይጠባል። “ለጥንቃቄ” ብሎ 14 ጫማ መሙላት ግን አይረዳም፤ ምሥራቅ ላይ ያለ ምክንያት ሩቅ ያዞርዎታል። ተሳቢውን ፈትተው ምሳ ሊበሉ ሲወጡ ወደ ቤት መኪና ፕሮፋይል ከቀየሩት፣ ሲመለሱ መልሰው ይቀይሩ። ይህን ረስቶ ፓርክዌይ የገባ ሾፌር ብዙ ነው።

የመጨረሻዋን ማይል ለጂፒኤስ አይተዉለት። የጭነት ወረቀቱ ላይ ያለው አድራሻ ብዙ ጊዜ የቢሮው በር ነው፤ የትራክ መግቢያው በጓሮ ወይም በሌላ ጎዳና ሊሆን ይችላል። ተቀባዩን ደውለው በየት በር እንደሚገባ ይጠይቁ፤ ከዚያ በጎግል የሳተላይት ምስል ዶኩን (ጭነት የሚወርድበትን) ይዩ (እዚህ ላይ ጎግል ጥሩ ነው)። ጂፒኤሱ “ታጠፍ” እያለ ምልክቱ “ትራክ ክልክል ነው” ካለ ምልክቱን ይስሙ። መታጠፊያ ካለፈዎትም በመንደር ውስጥ ለመዞር አይሞክሩ፤ እስከሚቀጥለው መውጫ ይንዱ።

ጥያቄ፦ ኩባንያው የሰጠኝ የኢኤልዲ ታብሌት አለ። እሱ ጂፒኤስ አይሆንም?
(ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ)

መልስ፦ ኢኤልዲ የሚመዘግበው የሥራ ሰዓትዎን ነው፤ ቦታዎን ማወቁ መንገድ መምራት አይደለም። ታብሌቱ ላይ እንደ ኮፓይለት ትራክ ያለ መተግበሪያ ከተጫነበት ይሠራል፤ ካርታውን አስቀድመው ማውረድዎን ብቻ ያረጋግጡ፤ ዋዮሚንግና ኔቫዳ ላይ ኔትወርክ ረጅም ርቀት ይጠፋል። በስልክዎ የሚጠቀሙ ከሆነ እየነዱ በእጅዎ አይያዙት፤ የፌዴራሉ ቅጣት በሾፌሩ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሀዝማት ልጀምር ነው። ባልቲሞርን እንዴት ልለፍ? ጂፒኤሴ አሮጌ ነው።
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በወደቡ ሥር ያሉት ሁለቱ ዋሻዎች ለሀዝማት ዝግ ናቸው። ቀድሞ ሾፌሮች የሚያልፉት ከተማዋን በሚዞረው አውራ ጎዳና በ695 ላይ ባለው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ፈረሰ። የቀረው ከተማዋን በምዕራብ የሚዞረው የ695 ክፍል ነው። ፕሮፋይሉ ላይ የሀዝማቱን ዓይነት ይሙሉና ከዳንዶክ እስከ ግሌን በርኒ መንገድ ያውጡ። መስመሩ በቶውሰን በኩል ከዞረ ካርታዎ ደህና ነው። ውኃውን ተሻግሮ ከሄደ ግን ካርታው አሮጌ ነው፤ ቤትዎ ዋይፋይ ላይ ማታ ያድሱት፣ ሰዓታት ስለሚፈጅ ጠዋት ትራክ ስቶፕ ላይ አይጀምሩት።