ሰርቦች ክሮኤሺያ ውስጥ ምን ያደርጉ ነበር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ሰርቦች በትራክተር ከክሮኤሺያ ሲሰደዱ የሚያሳይ ፊልም አይቼ አዘንኩ። የራሳቸው አገር እያለ እዚያ ምን ወሰዳቸው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ደህና ነኝ ልጄ። ደብዳቤሽን ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሁለቴ አነበብኩት። አካባቢው ክራይና ይባላል፤ ጠረፍ ማለት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሃብስበርጎች (የኦስትሪያ ገዥ ቤተሰብ) ኦቶማን ቱርክን ለመከላከል ወታደራዊ ጠረፍ አቋቋሙ። ከኦቶማን ግዛት የሸሹ ሰርቦችንና ሌሎች ኦርቶዶክሶችን አሰፈሩበት። መሬት ትወስዳለህ፤ ጠብመንጃ ይዘህ ድንበር ትጠብቃለህ። በ1630 (እ.ኤ.አ.) ንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ ዳግማዊ ለአንዳንዶቹ አለቃቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ በሕግ ፈቀደ። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ «መጤ» መባል አንጀቴን ይበላዋል።

በ1881 ጠረፉ ከክሮኤሺያ ጋር ተቀላቀለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኡስታሻዎች የሚባሉት የክሮኤሺያ ፋሺስቶች ብዙ ሰርቦችን ፈጁ። ክሮኤሺያ ከዩጎዝላቪያ ስትለይ ይህ ፍርሃት በ1991 ዳግም ተቀሰቀሰ፤ የክራይና ሰርቦች ክኒንን ዋና ከተማ አድርገው ተገነጠልን አሉ። ያኔ ደግሞ ክሮአቶች ከቤታቸው ተባረሩ፤ እሱንም አትርሺ።

ነሐሴ 1995 የክሮኤሺያ ጦር በጥቂት ቀናት አብዛኛውን መልሶ ያዘ። ከ150 ሺህ በላይ ሰርቦች ወጡ። ገበሬ ናቸውና ፍራሹንም አያትንም ትራክተር ላይ ጫኑ። በኋላ ከተመለሱት ብዙዎቹ አዛውንቶች ናቸው።