ስለ ካሲዮ ሰዓት የጠየቃችሁኝ

ጥያቄዎቻችሁን ኤፍ-91ደብሊው የሚባለውን የካሲዮ ዲጂታል ሰዓት እጄ ላይ አስሬ ነው የምመልሰው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ካሲዮ ከመጀመሪያው ሰዓት ሠሪ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። ታዳዎ ካሺዮ በ1946 ቶኪዮ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። ገንዘብ ያመጣለት ሲጋራ የሚሰካበት የጣት ቀለበት ነው። ከጦርነቱ ማግስት ሲጋራ ብርቅ ነበር። ቀለበቱን ያደረገ ሰው እጁ ሥራ ሳይፈታ እስከ ቁራጩ ያጨሳል። በዚያ ትርፍ አራቱ ወንድማማቾች የሒሳብ ማሽን ሠሩ። በ1957 ገበያ ላይ ሲውል ጠረጴዛ ያህላል።

ጥያቄ፦ ከሒሳብ ማሽን ወደ ሰዓት እንዴት መጡ?

መልስ፦ እኔ በጣም የምወደው ታሪክ ይሄ ነው። ከወንድማማቾቹ አንዱ ቶሺዮ፣ ጊዜ ማለት ሰከንድ ላይ ሰከንድ መደመር ነው ብሎ አሰበ። መደመርን ደግሞ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል! በ1974 ካሲዮትሮን የተባለው ሰዓታቸው ወጣ። ወሩ 30 ይሁን 31 ራሱ ለይቶ ያውቃል። ዋጋው ግን 58,000 የን ነበር፤ የድሃ ሰዓት አልነበረም። ርካሽ የሆነው ቺፑ እየረከሰ ሲሄድ ነው። ጥርስና ሞላ የለውም፤ ፕላስቲክ፣ ባትሪና ቺፕ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ጂ-ሾክ የሚባለው ጠንካራው የካሲዮ ሰዓትስ?

መልስ፦ ኢንጂነሩ ኪኩዎ ኢቤ አባቱ የሰጡት ሰዓት ወድቆ ተሰበረበት። እልህ ያዘው። ከ200 በላይ ናሙና ሠርቶ በ1983 ጂ-ሾክን አወጣ።

ጥያቄ፦ ኤፍ-91ደብሊው ኦሪጅናል መሆኑን በምን ልለይ?

መልስ፦ በቀኝ በኩል ያለውን ቁልፍ ተጭነህ ለሦስት ሰከንድ ያህል ያዝ። ሰዓቱ ጠፍቶ የካሲዮ ስም ይመጣል። ካልመጣ ፎርጅድ ነው። ጎበዝ ፎርጅዶች ግን ይህንንም ኮርጀዋል፤ ስለዚህ ስሙ ስለመጣ ብቻ አትመን። ከ1989 ጀምሮ ያልተቀየረ ሰዓት ነው፤ 21 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ባትሪው 7 ዓመት ገደማ ይቆያል።

ጥያቄ፦ በሀበሻ ሰዓት ስሞላው ቀኑ ማታ ይቀየርብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሞላሽው ተገልብጦ ነው፣ እህቴ። መጀመሪያ ከ24 ሰዓት አቆጣጠር አውጪው። ከዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፒኤም የሚለው ምልክት ሳይታይ 12 እንዲል አድርጊው። ቀኑ ሲነጋ ይቀየራል። ፒኤም ካየሽ መሽቷል ማለት ነው።