ሸካራው ኮርኒስ ተበላሽቶባችኋል? ጠይቁኝ

ኮርኒስ ስጠግንና ስቀባ ዓመታት አልፈዋል፤ አንገቴ ምስክር ነው። ልሙጡን ማንም ይቀባዋል። ጣጣው ያ ፍርፋሪ የተረጨበት የሚመስለው ሸካራው ነው። እስቲ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጣሪያው አፍስሶ ቡናማ እድፍ ጣለብኝ። ሁለቴ ነጭ ቀባሁት፣ ሁለቴም ተመልሶ ወጣ።

መልስ፦ አስሬ ብትቀባውም ይወጣል ወንድሜ። የውሃ ቀለም እድፉን ያሟሟውና ይዞት ወደ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ፍሳሹ መቆሙን አረጋግጥ። ከዚያ በደንብ ይድረቅ፤ ላዩ ደረቅ መስሎ ውስጡ ርጥብ ሊሆን ስለሚችል አትቸኩል። ሲደርቅ እድፍ የሚያፍን የዘይት ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መደብ) ቀባው፣ መስኮቱን ከፍተህ ግን፣ ሽታው ራስ ያዞራል። የውሃ ቀለሙ በዚያ ላይ ይምጣ።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ረግቦ ሆድ አውጥቷል።

መልስ፦ ቀለሙን ለጊዜው እርሺው እህቴ፣ ውሃ አቁሮ ይሆናል። የክፍሉን መብራት ከማከፋፈያው አጥፊ፣ ባልዲ ከሥር አድርጊና ገለል ብለሽ በካቻቢቴ ብሺው። የረገበ ጂፕሰም ቦርድ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ተቆርጦ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ መዳፍ የሚያክል ቦታ ረግፏል። ሸካራነቱን እንዴት ልመልሰው?

መልስ፦ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የላላውን በስፓቱላ አራግፍ፤ ስንጥቅ ካለ የመረብ ቴፕ ለጥፍበት። ስቱኮውን ስስ ስስ አድርገህ በሁለት ሦስት ዙር ሙላው፣ በየመሃሉ ይድረቅ፤ በአንዴ ከከመርከው ይሰነጠቃል። በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው። ከዚያ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የሸካራ ኮርኒስ ስፕሬይ አለ፣ ካጣህ ደግሞ ስቱኮውን ቀጠን አድርገህ በስፖንጅ መታ መታ ማድረግ ነው። ግን መጀመሪያ ካርቶን ላይ ተለማመድ! እኔ የመጀመሪያዬን ሳልለማመድ ረጭቼ፣ መሃል ኮርኒስ ላይ ገንፎ የተለጠፈ አስመስዬው ነበር። ሲያንስ ይጨመራል፣ ሲበዛ ግን መፋቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ፍቆ መገላገል አይሻልም?

መልስ፦ ቤቱ ስንት ዓመቱ ነው? እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት የተረጨ ከሆነ አስቤስቶስ የሚባለው ቃጫማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነገር ነው። በዓይን አይለይም፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ይታይ። እስከዚያ አትፋቀው፣ አትብሳው፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትንካው። ከላይ ለጠየቃችሁትም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ስቀባ ሮለሩ ሸካራውን እየላጠ ይዞት ይመጣል።

መልስ፦ ከዚህ በፊት ቀለም አልነካውም ማለት ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል። ፀጉሩ 2 ሳንቲሜትር የሚሆን ሮለር ያዝ፣ በአንድ አቅጣጫ አንዴ አስኪድና እለፍ፣ ርጥቡ ላይ አትመለስ። ሁለተኛውን ዙር ሲደርቅ። ስፕሬይ ማሽን ካገኘህማ ጭራሽ አትነካካውም።

ጥያቄ፦ የጠገንኩትን ቦታ ብቻ ብቀባስ?

መልስ፦ ያስታውቃል። የድሮው ነጭ ደብዝዟል፣ አዲሱ እንደ ጥርስ ያበራል። ሙሉውን ቅባ፣ ቀለሙም የማያብለጨልጭ ይሁን።