ደብተሬን ባውሰው ዜሮ አስበላኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነዎት፣ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ ለጥምቀት ቤት መጥቼ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልዎት። ፍሬሽ ነኝ፣ የግቢዬን ስም ይተዉት። የጄኔራል ፊዚክስ መምህራችን አሳይመንት 15 ፐርሰንት ብሎ 5 ጊዜ ይሰጠናል፣ አንዱ 3 ማርክ ማለት ነው። ሦስተኛውን ሁለት ሌሊት ላይብረሪ አምሽቼ ሠራሁት፣ ዶርም ሜቴ ማስረከቢያው ሲደርስ "እስኪ አንዴ ልየው" ብሎ ወስዶ እንዳለ ገለበጠው። ለሁለታችንም ዜሮ! እኔ ነኝ የሠራሁት ብዬ ሄድኩ፣ "ኮርስ አውትላይኑ ላይ ተጽፏል" አለኝና አለቀ። ከቴሌግራም ሶሉሽን ያወረዱት ደግሞ 3 ከ3 አገኙ። ይሄ ፍትህ ነው? ግሬዴስ አለቀለት? ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ ፊዚክስ ሳስተምር እንዲህ ያለ ወረቀት ስንቱን አይቻለሁ መሰለህ። ፎቶውን አየሁት። ተዳፋት ላይ ያለው ሳጥን ጥያቄ ላይ ኖርማል ፎርሱን (ተዳፋቱ ሳጥኑን ደግፎ የሚገፋበትን ኃይል) በኮሳይን ፈንታ በሳይን ነው የሠራኸው፣ ጓደኛህም ያንኑ ሳይን ይዞ መጥቷል። ትክክለኛ መልስ ቢመሳሰል ማንም ምንም አይልም፣ ስህተት ሲመሳሰል ነው የሚያሳብቀው። (በነገራችን ላይ እንዲህ ስትጠራጠር አንግሉን ዜሮ አድርገው፣ ተዳፋቱ ሜዳ ሆነ ማለት ነው፣ የዜሮ ሳይን ዜሮ ስለሆነ ወለሉ ሳጥኑን ጭራሽ አልተሸከመውም ሊሆን ነው፣ ይሄ ደግሞ አይሆንም።)

ለሁለቱም ዜሮ የሚለው ህግ አውትላይኑ ላይ ካለ መምህሩን ህግ ጣሰ ልትለው አትችልም። እኔ ብሆን ግን ሁለታችሁንም ጠርቼ ሰሌዳ ላይ አሠራችሁ ነበር፣ 5 ደቂቃ አይፈጅም፣ የሠራው ሰው ቢሳሳትም ለምን እንደዛ እንዳደረገ ይናገራል፣ የገለበጠው ያፈጣል። እርግጥ ክፍሉ 60 ልጅ ከሆነ ይሄንንም ለማድረግ ጊዜ የለም። ስለዚህ አንተ ቅደም፣ በኮንሰልቴሽን ሰዓት ሂድና "እኔ ነኝ የሠራሁት" ከማለት "አሁን እዚህ ልሥራልዎት" በላቸው፣ ጭረት የበዛበትን ረቂቅህንም ይዘህ ሂድ፣ የገለበጠ ሰው ረቂቅ የለውም። እምቢ ካሉም አትጨቃጨቅ።

ግሬዱን እናስላው። የጠፋው 3 ከ100 ነው። በብዙ ግቢ ባለው ፊክስድ ስኬል 80 ኤ ማይነስ ነው፣ 75 ቢ ፕላስ። መጨረሻ ላይ 82 የሚመጣልህ ከነበረ 79 ይሆናል፣ ከ3.75 ወደ 3.5 ወረድክ። ኮርሱ 3 ክሬዲት ሴሚስተሩ 18 ቢሆን ጂፒኤህ ላይ የሚቀንሰው 0.04 ገደማ ነው። 78 የሚመጣልህ ከነበረ ደግሞ 75 ሆኖ እዛው ቢ ፕላስ ላይ ነህ፣ ምንም አልጠፋም! ስለዚህ አላለቀለትም። የቴሌግራሞቹ ነገር አያቃጥልህ፣ ፋይናል 50 ከሆነ ቁጥሩም ስዕሉም ተቀይሮ ሲመጣ እዛ ትገናኛላችሁ። ዶርም ሜትህ ግን መምህሩ ጋ ሄዶ እኔ ነኝ የገለበጥኩት ካላለልህ ሌላ ጊዜ ደብተርህን ደብቅ።

ጥያቄ፦ ግራቪቲን 10 ብዬ ሠርቼ ማርክ ተቀነሰብኝ፣ ልክ ነው? ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ ወረቀቱ 10 ተጠቀሙ ካለ ያስመልሱልሽ፣ ዝም ካለ 9.8 ነው የሚጠበቀው። ጎንደር ላይማ ከፍታችንም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለምድር ወገብም ስለምንቀርብ 9.78 ገደማ ነው። ካላመንሽ 1 ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥለሽ 20 ጊዜ ደርሶ መልስ አወዛውዢው፣ በ10 ካሰላሽው 39.7 ሰከንድ፣ በ9.78 ካሰላሽው 40.2 ይመጣል። ግማሽ ሰከንድ ደግሞ የስልክሽም ስቶፕዎች ይይዘዋል፣ ብቻ ክሩን በጣም ወደ ጎን አትሳቢው።