ወር በገባ በ7 ቢሮ አልገኝም ነበር

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ከጎንደር ነው። በተለይ ዘንድሮ የመንግሥት ሥራ ለጀመራችሁ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ከዚያ በፊት ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ መሥሪያ ቤት የጡረታ ፋይል ሳገላብጥ ነው።

ወር በገባ በ7 ቢሮ አልገኝም ነበር። ሥላሴ ነዋ! ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄጄ፣ አስቀድሼ፣ ከወዳጆቼ ጋር ስጨዋወት ረፋዱ ያልፋል። አለቃዬ ያውቃል፣ ግን አይናገረኝም። «ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» ባለ ሰው ላይ ማን አፉን ይከፍታል? እኔም በልቤ ራሴን ከደጋግ ክርስቲያኖች ቆጥሬ ነበር።

አንድ ቀን ቢሮ ስደርስ ከደምቢያ የመጡ እናት ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ ሲሞቱ ጡረታው ወደ እሳቸው እንዲዞር ነው የሚመላለሱት። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ጭራሽ እኔ ተቆጣሁ።

«እማማ፣ ዛሬ ሥላሴ መሆኑን አያውቁም? ምነው በሌላ ቀን ቢመጡ?»

«ልጄ፣ የኛም ደብር እኮ ሥላሴ ነው። ዛሬ ሞፈር አይነካም፤ ለዚያ ነው የመጣሁት።»

እስቲ አስቡት። ገበሬ በበዓል ቀን አያርስም፣ አያጭድም። ስለዚህ ጉዳይ ያለው ሰው ወደ ከተማ የሚመጣው ያን ቀን ነው። እኛ ደግሞ የምንጠፋው ያን ቀን! ሁለታችንም አንዱን ሥላሴ እናከብራለን። እሳቸው አክብረው ደጃፍ ላይ ተጎለቱ፣ እኔ አክብሬ ጥላ ሥር ወሬዬን ጠረቅሁ።

ደብረ ብርሃንን የምታውቁ ጣሪያውን ታውቁታላችሁ። የመላእክት ፊት በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ፣ የትም ብትቆሙ ዓይናቸው እናንተ ላይ ነው። ቱሪስቱ አንገቱን አቃንቶ ፎቶ ያነሳዋል። ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ ያሠሩት ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ እሱ ተርፏል። አባቶች እንደሚሉት ያተረፈው ንብ ነው፤ መንጋው ወጥቶ ወራሪውን አባረረ። እኔ ከዚያ ጣሪያ ሥር ስንት ዓመት ቆምኩ! እነዚያ ዓይኖች ቢሮዬ ደጃፍ ያለውን ወረፋም ያያሉ ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያን አትሂዱ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብላችሁ እንዳትተረጉሙብኝ። ኪዳን የሚደርሰው ገና ሳይነጋ ነው፣ ቢሮ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል። ሁለቱ መቼ ተጋጩ? በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ወደ ቀትር ይገፋል፣ እሱ እውነት ነው። ለዚያ የዓመት ፈቃድ አለላችሁ። ከባለጉዳይ ሰዓት ግን አትስረቁ። «ሲስተም የለም» እያላችሁ ስልካችሁ ላይ ስብከት ማዳመጥም ያው ነው።

ደግሞ እናንተን ሳይ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ምንጣፍ የምታነጥፉት እናንተ ናችሁ። ከኋላ ጠቅልላችሁ፣ ተሸክማችሁ፣ ሮጣችሁ ፊት ላይ መልሳችሁ ታነጥፋላችሁ። ላባችሁ ጠብ እስኪል። ማንም አያዛችሁም፣ ማንም አይከፍላችሁም። በዚያ ጉልበት አንድ ፋይል ከሦስተኛ ፎቅ ወደ አንደኛ ፎቅ ይዞ ለመውረድ ለምን ሁለት ሳምንት ይፈጃል? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። ፋይል ይዞ ለሚወርድ ማንም እልል አይልለትም።

ሌላም ልጨምር። ሃይማኖትን በመንግሥት ጉልበት ላስኪድ ያለ የት እንደደረሰ ይህች ከተማ ታውቃለች። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በአዋጅ ሊያጸኑ ቢሉ አገሩ በደም ታጠበ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደርን ቆረቆሩ። ይህን ሁላችንም በኩራት እንተርካለን። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ መወሰኑን ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናልፋለን። እኔ በሥራ ዘመኔ ያን ውሳኔ ያልሻረ ጠረጴዛ አይቻለሁ። ፋይሉ ላይ ያለውን ስም አይተን «የአዲስ ዓለም ሰው ነው» እንባባል ነበር፤ አዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር ነው። ፋይሉ አልጠፋም፣ ጉቦ አልተጠየቀም። ከሌሎቹ ፋይሎች ሥር ብቻ ገባ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ወደ እኚያ እናት ልመልሳችሁ። ያን ቀን ከተናገሩኝ በኋላ ምንም ቃል አልመለስኩላቸውም፣ በሩን ከፈትኩ። እሳቸው ተከትለውኝ ገቡና የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ከሰንበቴ የተቋጠረ ቁራሽ ዳቦ ነው። «እንካ ልጄ፣ የሥላሴ ነው፤ ቅመስ» አሉኝ። ለጉዳያቸው ብለው አልነበረም፤ ጾሜን የዋልኩ መስሏቸው ነው። ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ፋይሉን ፈልጌ አወጣሁ። ቅጹ ተሞልቷል፣ ማስረጃው ተያይዟል፣ ማኅተሙም አለበት። የጎደለው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር። የኔው።